ከመረቡ ጀርባ

ሚናስን የማይወድ ሰው በዚያን ጊዜ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቢገኝ ኖሮ ሄጄ እነክሰው ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ጥርሴም ደህና ነው። ደግነቱ እንዲህ ያለ ሰው አልተገኘም። እናቶች "የተባረከ ልጅ" ይሉታል፤ አብረውት ኳስ የሚጫወቱት ደግሞ "ግድግዳው" ይሉታል፣ በረኛ ስለሆነ። እኔ ሚኑ እለዋለሁ።

የአባቴ የአክስት ልጅ ነው። በሃያ ዓመቱ ከአዲስ አበባ መጥቶ የሳሎናችንን ቡናማ ሶፋ አልጋው አደረገ። ዳውንታውን ዲሲ አንድ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። ማሚ ሆስፒታል የማለዳ ሺፍት ስለነበራት ጠዋት ጠዋት ፀጉሬን የሚሠራኝ እሱ ነው። በዚያ በበረኛ እጁ ይዞ ሲጎነጉነኝ ዓይኔ እስኪጠብ ይጎትተዋል። ስጮህ "ዝም በይ፣ እንዲህ ካልጠበቀ ጎል ይገባል" ይለኛል። ልብስ ማጠብ የሱ ነው፣ ማሚ ደክሟት ስትመጣ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ የሚከትላት እሱ ነው። ቅዳሜ ኳስ፣ እሁድ ስልክ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ለእናቱ ይደውላል።

እናቱን እትዬ የወይንሐረግን እኔ በመልክ አላውቃትም፤ በድምፅ ነው የማውቃት። ሚናስ ስልኩን ይሰጠኛል፤ እሷ "የኔ እናት፣ በልተሻል?" ትለኛለች። ሁልጊዜ ይቺኑ ነው የምትለኝ። አንድ ቀን አልበላሁም ብላት አገር ተረበሸ። ሚናስ ብቸኛ ልጇ ነው። አባቴንም እናቱ በልጅነቱ ስለሞተችበት እሷው ናት ያሳደገችው። ሚናስ የጥገኝነት ኬዙ አልቆ ወረቀቱን ሲያገኝ ሊያመጣት ነው። ከእኔ ጋር አንድ ክፍል እንደምትተኛ ተነግሮኝ፣ አልጋዬን ወደ ግድግዳው ገፍቼ ቦታ አስለቅቄላታለሁ።

ያ የአትላንታ ኦሎምፒክ የነበረበት ሰመር ነው። በሰመሩ መጀመሪያ ላይ አንድ ነገር አይቻለሁ፤ ይህን ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። ከእኛ በታች አንደኛ ፎቅ ላይ ከኤል ሳልቫዶር የመጣ ሰው ይኖር ነበር። አንድ ማለዳ የመኪና በር ሲዘጋ ሰምቼ በመስኮት ባይ፣ አራት ወንዶች ሰውዬውን ግራና ቀኝ ክንዱን ይዘው ያወጡታል። ሚስቱ በነጠላ ጫማ እያለቀሰች ትከተላለች። አባቴ ከኋላዬ መጥቶ መጋረጃውን ዘጋው። ከዚያ ማሚን "የሚናስም ኬዝ እስኪያልቅ ልቤ አያርፍም" ሲላት ሰማሁት።

በቃ። እኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። ማለዳ ሳይነጋ የሚመጡ ሰዎች፣ ሰው ሊወስዱ ነው የሚመጡት።

የዚያ ሳምንት ሐሙስ ከሰመር ካምፕ ስመለስ የአባቴ ታክሲ ደጅ ቆሟል። አባቴ በቀን ቤት ውሎ አያውቅም። ሽንት ቤት ገብቶ ውሃውን ለቆታል፤ ቢያንኳኩበት አይወጣም። ማሚ ኩሽና ውስጥ ዓይኗ አብጦ ቆማለች።

"ማሚ፣ ምን ሆንሽ?"

"ሽንኩርት ነው፣ ማሂ።"

ሽንኩርቱ መክተፊያው ላይ ነበር። ገና አልተላጠም።

ትንሽ ቆይቶ አባቴ ፊቱን ታጥቦ ወጣ። ቀጥ ብሎ ወደ ሶፋው ሄደ፤ ተንበረከከ፣ እጁን ከኋላ ሰደደና የስልኩን ሽቦ ከግድግዳው ነቀለው። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ ያየኝ አልመሰለኝም።

ሚናስ ማታ መጣ። እንደገባ ስልኩን አነሳ። "ምነው ይሄ ስልክ? ድምፅ የለውም እኮ።"

"መስመሩ ተበላሽቷል" አለ አባቴ። "ሰኞ መጥተው ይሠሩታል።"

"አይ ዕዳ! ፋይናል መድረሳችንን ለእትዬ ልነግራት ነበር። እሁድ ድረስ አስችሎኝ ነው?"

"ሰኞ ትነግራታለህ።"

አባቴ ውሸት አይሆንለትም። ይህንን ሲል ወደ ፍሪጁ ዞሮ ነበር።

አርብ አመሻሹ ላይ ሚናስ ሥራ እያለ ሰዎች መጡ። ጋሽ ጸጋዬ አሉ፤ ሠርግም ለቅሶም ያለ እሳቸው የማይሆን የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው። የሚናስ ቡድን አሰልጣኝ ዋቅጅራም አለ። ሌሎች ሁለት የቡድኑ ልጆች አሉ። እኔ "ግቢ መኝታ ቤትሽ" ተባልኩ። ገባሁ። በሩን ግን ማን ይዘጋል? ወለሉ ላይ ጆሮዬን ተክዬ ተኛሁ።

"እሁድ ይሁን" አሉ ጋሽ ጸጋዬ። "ሳይነጋ፣ ገና ከእንቅልፉ ሳይነሳ። ነገ ቅዳሜ ነው፣ ሰዉ ሁሉ ሥራ ላይ ነው፤ ማን ይመጣል?"

"እኔም የምለው ይሄንኑ ነው" አለው ዋቅጅራ አባቴን፣ ፈጠን ብሎ። "ለጨዋታው ብዬ እንዳይመስልህ፣ ዓምዴ። ሰው ስለማይሞላ ነው እንጂ።"

"ለጨዋታውም ነው" አለች ማሚ።

"እንዴት ብዬ ነው ነገ ፊቱን እያየሁ ሜዳ የምወስደው?" የአባቴ ድምፅ ተሰበረ። "ምን ዓይነት ሰው ነኝ እኔ? እትዬ ምን ትለኛለች?"

"እሷ ምንም አትልህም፤ አንተ ቻለው" አሉ ጋሽ ጸጋዬ። "ይልቅ ልብ በሉ። ጠንካራ ጠንካራ ወንዶች አራት ሆነው አጠገቡ ይቁሙ፣ ይያዙት። ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ በመስኮት እንዳይዘልብን። የመኪናውን ቁልፍ ማታውኑ አንሱበት። ስልኩስ?"

"ሐሙስ ነቀልኩት።"

"ቢላዎቹን እኔ አነሳለሁ" አለች ማሚ።

ዛሬ ይህንን የሚሰማ አበሻ ሁሉ ገና በመጀመሪያው ቃል ይገባዋል። እትዬ የወይንሐረግ ሞታ ነው። ለሐዘንተኛ ደግሞ በስልክ፣ በመንገድ፣ ብቻውን እያለ አይነገርም። ወገን ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ ቤቱ ድረስ ሄዶ፣ ከብቦ ነው የሚያረዳው፤ ራሱን እንዳይጎዳም ይይዘዋል። ፍቅር ነው። እኔ ግን በሁለት ዓመቴ አሜሪካ ገብቼ ያደግሁ፣ መርዶ የሚባል ነገር አይቼም ሰምቼም የማላውቅ ልጅ ነኝ። የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ይባል የለ? እኔ የሰማሁት ይሄ ነው፤ እሁድ ማለዳ አራት ወንዶች ሚኑን ሊይዙት ነው፤ አባቴና ማሚም አብረው አሉበት። እትዬ ደግሞ ገና አልሰማችም። ስትሰማ ለአባቴ ወዮለት!

ወለሉ ላይ እንደተኛሁ አባቴን በዚያች ሰዓት ጠላሁት። እውነቴን ነው፣ ጠላሁት።

ቅዳሜ ጨዋታው አሌክሳንድሪያ ነበር፤ ከአሌክሳንድሪያ አበሾች ቡድን ጋር። አባቴ ነዳ፣ ሚናስ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ከቤት ሳንወጣ ለሚናስ ልነግረው ሞክሬ ነበር፤ ማሚ ግን ያን ቀን ከሱ አጠገብ አልነቃነቅም ብላለች። ሸሚዙን ታስተካክልለታለች፣ ራሱን ትዳብሰዋለች፣ ደጋግማ ታጎርሰዋለች።

"ኧረ ታዱ፣ ልሞት ነው እንዴ የምሄደው? ጨዋታ እኮ ነው!" አላት እየሳቀ። ማሚ ትታን ወደ ኩሽና ሮጠች።

ቤልትዌይ አውራ ጎዳናው ላይ ሙቀቱ ሲያቃጥል የአባቴ አንገት በላብ ርሷል። ድልድዩ ጋ ስንደርስ መኪናው ሁሉ ቆመ። ሚናስ ታኬታውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ክሩን ያጠብቃል።

"ጋሼ፣ ምነው ጨነቀህ? በረኛው አንተ ነህ ወይስ እኔ?"

አባቴ መሪውን ጨምቆ ይዞታል። ከዚያ ሬዲዮኑን አጠፋና ወደ ሚናስ ዞረ።

"ሚናስ" አለ።

"አቤት።"

ትንፋሼን ያዝኩ። አሁን ሊነግረው ነው፣ አባቴ አይከዳም፣ አልኩ በልቤ። ከኋላችን ያለው ሰው ጥሩንባውን ነፋው፤ መንገዱ ተከፍቷል።

"ቀበቶህን እሰር" አለው አባቴ። ሚናስ ቀበቶውን ከቤት ስንወጣ ነው ያሰረው።

ሜዳው ከአንድ ትምህርት ቤት ጀርባ ነው። ሰው እንደ ጉድ ሞልቷል፤ ከአናንዴል ሳይቀር መጥቷል። እኔ ሁልጊዜ የምቆመው ከሚናስ ጎል ጀርባ ነው። ወደ ውጭ የወጣ ኳስ አምጥቼ እሰጠዋለሁ፤ "አሰልጣኜ" ይለኛል። ይቺን ሹመቴን ማንም አይነካትም። ያን ቀን ግን ጋሽ ጸጋዬ ወንበራቸውን አምጥተው ከጎሉ አጠገብ ተቀመጡ። ጨዋታ ለማየት እንዳይመስላችሁ፤ ጨዋታ አያውቁም። ሚናስን ሊጠብቁት ነው፣ አንድ አፈ ቀላል መጥቶ ለቅሶ እንዳይደርሰው። ለእኔ ግን ፖሊስ ነው የመሰሉኝ።

በመጀመሪያው አጋማሽ አንድ ለባዶ መራን። እረፍት ላይ ወደ ሚናስ ስሮጥ አባቴ ክንዴን ያዘኝ። "ተይው፣ ይረፍበት" አለኝ። ሚናስ ብርቱካን እየመጠጠ ከወዲያ ጠቀሰኝ። ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ነገ ማለዳ ሊወስዱት ነው፣ እሱ ብርቱካን ይመጣል!

ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ ጋሽ ጸጋዬ ፀሐዩ ሲበዛባቸው ወደ ዛፉ ጥላ ሄዱ። ኳሷ ወዲያ ጫፍ ናት። መረቡን በሁለት እጄ ይዤ ተጠጋሁ።

"ሚኑ።"

"አቤት አሰልጣኜ" አለ ሳይዞር።

"ነገ ጠዋት ሊወስዱህ ነው።"

"ማናቸው?"

"ዳዲ፣ ኮች ዋቅጅራ፣ ጋሽ ጸጋዬም። ሳይነጋ ነው የሚመጡት። አራት ሰው ይይዝሃል። በመስኮት እንዳትዘል ብለዋል። ቁልፍህን ሊወስዱ ነው። ማሚ ቢላዎቹን ደብቃለች። ፕሊስ፣ አሁኑኑ ሂድ! ከዚህ ወዲያ ሩጥ!"

ሳቀ። "ምን አጠፋሁ ደግሞ?" አለ። ከዚያ ሳቁ በመሃል ቆመ። ሚናስ ጨዋታ ላይ እያለ ለኳስ ጀርባውን ሰጥቶ አያውቅም፤ ያን ቀን ዞረ። በጓንቱ መረቡን ያዘና ጎንበስ ብሎ አየኝ።

"ማሂ፣ ስልኩን ማን ነው የነቀለው?"

"ዳዲ።"

"መቼ?"

"ሐሙስ።"

"ማሚ አልቅሳለች?"

"ሽንኩርት ነው አለችኝ። ግን አልላጠችውም።"

"የማንን ስም ጠሩ?" ድምፁ ቀጠነ። "አስታውሺ የኔ ቆንጆ። ስም ጠርተዋል?"

"እትዬን። ዳዲ 'እትዬ ምን ትለኛለች' አለ።"

ፊቱ እንዴት እንደሆነ መናገር አልችልም። ወዙ ሁሉ ጠፋ። ከዳር ሰዉ ይጮሃል፣ "ሚናስ! ሚናስ! ኳስ!" የአሌክሳንድሪያው አጥቂ ተከላካዮቹን ሁሉ ጥሎ ብቻውን እየመጣ ነው። ሚናስ ዞረ፣ ሮጠ፣ ሰውዬው እግር ሥር ራሱን ወረወረ። ኳሷን ከእግሩ ላይ ነጠቃት።

ሜዳው ተናወጠ። ሰዎች ይዘላሉ፣ "ግድግዳው! ግድግዳው!" ይላሉ። ሚናስ ግን አልተነሳም። ኳሷን ከደረቱ ሥር አድርጎ በግንባሩ ሣሩ ላይ እንደተደፋ ቀረ። ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል። ዳኛው ፊሽካ ነፋ፤ አሁንም አልተነሳም። እኔ ገባኝ፤ እየመራን ስለሆነ ሰዓት እየገደለ ነው። የኔ ብልጥ! ብዬ አጨበጨብኩ።

በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ለማልቀስ ያለው ቦታ ያቺው ኳሷ ላይ ብቻ ነበረች። እሷንም ዳኛው ሁለቴ ነፍቶ አስለቀቀው።

ተነሳ። ኳሷን ወደ ሰማይ ለጋት። ወደ ጎሉ ሲመለስ ፊቱ ሣርና አፈር ለብሷል። ዓይኑን ከሜዳው ሳይነቅል፣ በጀርባው አናገረኝ።

"ማኅደር፣ ስሚኝ። አንቺ ምንም አልነገርሽኝም። እኔም ምንም አልሰማሁም። ለማንም፣ ለማሚም ቢሆን። ቃል ግቢልኝ።"

"ትሄዳለሃ?"

"የትም አልሄድም።"

"ይወስዱሃል እኮ!"

"ቃል ግቢ አልኩሽ።"

"ፕሮሚስ" አልኩ፤ ምርር ብዬ እያለቀስኩ። ቀሪውን ጊዜ አንድ ጎል ሳይገባበት ጨረሰ።

ስናሸንፍ በትከሻ አንስተውት ዞሩ። ሲያወርዱት ዋንጫውን ለሌላ ሰጥቶ ወደ አባቴ ሄደ፤ አቀፈው። አባቴ ተንሰቀሰቀ። ሚናስ ጀርባውን ይመታዋል፣ "አይዞህ ጋሼ፣ አይዞህ፣ አልቋል" ይለዋል። ሰዉ "ደስታ እኮ ያስለቅሳል" አለ። እኔ ግን ተናድጄ ዞር አልኩ፤ የሚከዳውን ሰው ደግሞ ያባብላል!

ቤት ስንደርስ ሌላ የባሰ ነገር አደረገ። ማሚ ያቀረበችለትን ሁሉ በላ። ከዚያ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ራሱ አባቴ ፊት አኖረው። "ጋሼ፣ ነገ መኪናዋ ሳታስፈልግህ አትቀርም" አለው። አባቴ ቁልፉን ሲያነሳ ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም። እኔ በጠረጴዛው ሥር የሚናስን እግር በኃይል ረገጥኩት። ምን ነካው ይሄ ልጅ? እንዴት ነው የሚያመልጠው?

ሳልተኛ ላድር ምዬ ነበር፤ ተኛሁ። የቀሰቀሰኝ የመኪና በር ነው። ቀስ ተደርጎ፣ ሰው እንዳይሰማ ተብሎ የሚዘጋ በር። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። በመስኮት ባይ የፓርኪንጉ ቦታ በሰው ተሞልቷል። ጎህ ገና መቅደዱ ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ ወንዶቹ ጥቁር ኮት። ለኤል ሳልቫዶሩ ሰው የመጡት አራት ነበሩ፤ ለኛ ስንት ነው የመጣው! አባቴ ከፊት ሆኖ ደረጃውን ይወጣል።

ሮጬ ሄድኩና የበሩን ሰንሰለት አስገባሁት። አባቴ በቁልፉ ከፈተ፤ በሩ ትንሽ ተከፍቶ ሰንሰለቱ ያዘው።

"ማኅደር! ክፈቺ!" አለ በሹክሹክታ።

"ኖ! ምንም አላደረገም! ሂዱ!"

"የኔ ልጅ" አሉ ጋሽ ጸጋዬ ከኋላ፣ "ክፈቺልን፣ እደጊ።"

"አልከፍትም!"

ከበስተኋላዬ አንድ እጅ ትከሻዬን ነካኝ። ሚናስ ነው። ዞሬ ሳየው ለብሷል። ጥቁር ሸሚዝ፣ ጥቁር ሱሪ፣ ጫማውንም አድርጓል። ዓይኑ እንደ በርበሬ ቀልቷል። በዚያ ሶፋ ላይ ጋደም አላለም፤ ተቀምጦ ነው ያደረው። ከበሩ ሆነው እንዳያዩት ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ጆሮዬ ሥር ተንበረከከ።

"ማሂዬ፣ ሊጎዱኝ አይደለም የመጡት" አለኝ በጣም ቀስ ብሎ። "ስለሚወዱኝ ነው የመጡት። አንቺ ራስሽ ክፈቺላቸው። እኔ ሶፋዬ ላይ ልተኛ።"

"ትፈራለህ?"

"አዎ" አለኝ።

ሄዶ ተኛ። ብርድ ልብሱን እስከ አንገቱ ሳበው፤ ጫማው እንዳይታይ እግሩን ሰበሰበ። ለምን ተኝቶ እንዲያገኙት እንደፈለገ አልገባኝም። ግን እሱ ያለኝን እንቢ ብዬ አላውቅም። ሰንሰለቱን አወጣሁት።

ገቡ። ማንም እንደምን አደርክ አላለም። አራቱ ወንዶች ሶፋውን ከበቡት። ማሚ ከመኝታ ቤት አፏን በነጠላዋ ይዛ ወጣች። ጋሽ ጸጋዬ ጎንበስ አሉ።

"ሚናስ፣ ልጄ፣ ተነስ።"

ሚናስ ከእንቅልፉ እንደሚነቃ ሰው ቀና አለ።

"ወንድ ነህና ቻለው። የሰው ልጅ ሁሉ ዕጣ ነው። እናትህ፣ ወይዘሮ የወይንሐረግ፣ ዐርፈዋል።"

"እናቴን!" አለ።

ያንን ድምፅ ዛሬም አልረሳሁትም። ቤቱ በአንድ ጊዜ በለቅሶ ተሞላ። ሚናስ ደረቱን ሊመታ እጁን ሲያነሳ አራቱ ወንዶች ክንዱን ያዙት። ሲይዙት እኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሰዎች እግር መሃል ተሹለክልኬ ገባሁና የዋቅጅራን እጅ ነከስኩት። እስኪደማ! ዋቅጅራ ግን አልለቀቀም፤ እኔንም አልተቆጣም። በአንድ እጁ ሚናስን እንደያዘ በደማው እጁ ራሴን ዳበሰኝ። እሱም እያለቀሰ ነበር።

ማሚ አቅፋ መኝታ ቤት ወሰደችኝና እትዬ መሞቷን ነገረችኝ። "ሚናስን ማንም አይወስደውም" አለችኝ። የያዘኝ ፍርሃት ለቀቀኝ። ቀጥሎ ያሰብኩት ደግሞ ይሄ ነው፤ አሃ፣ ሚኑም እንደኔ አልገባውም ነበር ማለት ነው። ገና ዛሬ መስማቱ ነው፣ ባይሆን እንዲያ ይጮሃል እንዴ? ያ ጩኸት ከትናንት ጀምሮ ጉሮሮው ላይ አንቆ ይዞት ያደረ መሆኑን በምን ልወቀው።

ኬዙ ስላላለቀ አገር ቤት ሄዶ መቃብሯን እንኳ ማየት አልቻለም፤ ከወጣ አይመለስም። ለቅሶውን እኛ ቤት ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን ቤቱ በሰው ጢም ብሎ ሳለ አባቴ ከወንበሩ ተነሳና ሚናስ ፊት በጉልበቱ ወደቀ።

"ሐሙስ ነው የሰማሁት" አለ። "ሐሙስ! አውቄ ነው ኳስ ያስጫወትኩህ። እናትህ አፈር ለብሳ አንተን በጭብጨባ ሳስዞር የዋልኩ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።"

ዋቅጅራ አንገቱን ደፋ። ሚናስ ወርዶ ወለሉ ላይ ከአባቴ ጋር ተቀመጠና አንገቱን አቀፈው።

"ደግ አደረግክ ጋሼ" አለው፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "ምንም አላወቅሁም። አንዲት ነገር አልጠረጠርኩም። ባውቅ ኖሮ እግሬ ይቆም ነበር? በሥርዓቱ፣ በወገን መሃል አረዳችሁኝ። ከዚህ በላይ ምን ይደረግልኛል?"

እኔ ማሚ ጉያ ውስጥ ነኝ። "ነግሬህ ነበር እኮ!" ልል አፌን ከፈትኩ። ሚናስ በአባቴ ትከሻ ላይ አሻግሮ አየኝ። አልተቆጣም፣ አልጠቀሰኝም፤ ዝም ብሎ ብቻ አየኝ። አፌን ዘጋሁ።

ሚናስ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በሃያ ስድስት ዓመቱ፣ በረዶ በጣለበት ምሽት ከሥራ ሲመለስ በመኪና አደጋ ሞተ። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላወራንም። ልጅ ነበርኩ፤ የምጠይቀው ነገር እንዳለም አላውቅም።

ያወቅሁት ሃያ አራት ዓመት ሲሆነኝ ነው። ሎረል ከተማ የምትኖር አንዲት ጓደኛችን አባቷ አገር ቤት ሞተውባት ማለዳ ልናረዳት ሄድን፤ የመጀመሪያዬ ነበር። አንዷ ሴትዮ "ስልኳን ነቅለናል፣ ቢላ ካለ አንሺ፣ የመኪና ቁልፏን አንቺ ያዢ" ብላ ቁልፉን እጄ ላይ አደረገችው። በዚያች ቅጽበት ሚናስ በመረቡ ውስጥ የጠየቀኝ ጥያቄ አንድ በአንድ ጆሮዬ ላይ መጣ። ስልኩን ማን ነቀለው? ማሚ አልቅሳለች? የማንን ስም ጠሩ? ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። መርዶ ለማርዳት የሄድኩት እኔ፣ ሌላ ሰው ደግፎ ነው ያስገባኝ። የእናቱን ሞት የነገርኩት እኔ ነበርኩ። እንኳን አራት ወንድ፣ አንድ ሰው አጠገቡ ሳይኖር፣ ኳስ እየመጣበት።

በየሰመሩ ቡድኑ በሚናስ ስም ዋንጫ ያዘጋጃል። አባቴ ሸምግሏል፤ አሁን በከዘራ ነው የሚሄደው፣ ግን አንድ ዓመት ቀርቶ አያውቅም። ማይኩን ይሰጡታል፤ በየዓመቱ ያንኑ ይናገራል። "የእናቱን ሞት ደብቄው ተጫወተ፤ ምንም ሳያውቅ! ይቅርታ ስለው ደግ አደረግክ አለኝ።" ሰዉ ያለቅሳል። እኔም አለቅሳለሁ።

ባለፈው ሰመር ከአሌክሳንድሪያ ይዤው ስመለስ፣ መኪና ውስጥ አባቴ ወደ መስኮቱ እንደዞረ ተናገረ።

"ማሂ፣ አንዳንድ ጊዜ ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ይለኛል። ያን ቀን ሲያቅፈኝ፣ አይዞህ ያለኝ ነገር... ልጄ፣ የሚያውቅ ይመስልሻል? አውቆ ከሆነ ያንን ሁሉ ሰዓት ብቻውን ነው የተሸከመው። እንደሱ ከሆነ እኔ አልችለውም።"

መብራቱ ቀይ ሆኖ ቆሜያለሁ። ዞሬ ፊቱን እያየሁ መለስኩለት።

"አላወቀም፣ ዳዲ። ከመረቡ ጀርባ የቆምኩት እኔ አይደለሁ? ምንም አላወቀም።"